ፍሬን ሲረገጥ ሌላም አምፖል ይብራ? የአንባቢያን የመኪና ጥያቄና መልስ

ከጎንደርና ከአካባቢዋ በዚህ ወር የደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ፒክአፕ የኋላ መብራት ናቸው። የመጀመሪያው ሰፋ ያለ መልስ ስለሚፈልግ ብዙውን ቦታ ለእሱ ሰጥተናል፤ የቀሩትን አጠር አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ደብል ጋቢና ፒክአፕ አለኝ፤ በአይከል በኩል እስከ ሸዲ እየተመላለስኩ እሠራበታለሁ። የኋላ መብራቱ በየጎኑ ሁለት ቀይ ክፍል አለው። ማታ ፓርኪንግ ሳበራ ሁለቱም ይበራሉ፤ ፍሬን ስረግጥ ግን የሚደምቀው የላይኛው ብቻ ነው። በአቧራ ውስጥ ከኋላ የሚመጡት ቶሎ አያዩኝም። የታችኛውም አብሮ እንዲደምቅ ማድረግ ይቻላል? አንድ ኤሌክትሪሽያን «ሁለቱን ሽቦ ማገናኘት ብቻ ነው» አለኝ። (ማራኪ፣ ጎንደር)

መልስ፦ ይቻላል፤ በተባሉት መንገድ ግን አይሆንም። የፓርኪንጉና የፍሬኑ ሽቦ ከተገናኙ ፍሬን በረገጡ ቁጥር የታርጋው፣ የፊቱ ትንሽ መብራትና የዳሽቦርዱ መብራት አብረው ይበራሉ። ማታ ፓርኪንግ ሲያበሩ ደግሞ የፍሬኑ ክር አብሮ ስለሚነድ፣ የሚከተልዎ ሹፌር ፍሬን መያዝ አለመያዝዎን የሚለይበት ነገር አይኖረውም።

መጀመሪያ አምፖሉን ይመልከቱ። የታችኛውን ክፍል አምፖል ገፋ አድርገው ወደ ግራ በማዞር ያውጡትና ከሥሩ ያሉትን የእርሳስ ነጥቦች ይቁጠሩ። ሁለት ነጥብ ካለው ባለ ሁለት ክር ነው፤ አንገቱ ላይ «ፒ21/5ደብሊው» ወይም «1157» የሚል ጽሑፍ ይኖራል። በ«ፒ21/5ደብሊው» አንደኛው ክር 5 ዋት ነው፣ የፓርኪንግ፤ ሌላው 21 ዋት፣ የፍሬን። የብርሃናቸው ልዩነት ከዋታቸው ልዩነት በጣም ይሰፋል፦ በ13.5 ቮልት ትንሹ ክር 35 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ገደማ ሲሰጥ ትልቁ 440 ሉመን ገደማ ይሰጣል፤ ከ12 እጥፍ በላይ ማለት ነው። ለኋለኛው ሹፌር «ያዘ» ብሎ የሚነግረው ይህ ልዩነት ነው፤ ስለዚህ የሚጨምሩት አምፖልም ይህን ልዩነት መጠበቅ አለበት። አንድ ነጥብ ብቻ ካለው ባለ አንድ ክር ነው። ለፓርኪንግ ብቻ በተሠራ ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘውም ይህ ባለ 5 ዋት ነው።

ቀጥሎ ሶኬቱን ይዩ። አንዳንድ ፋብሪካ ለላይኛውም ለታችኛውም አንድ ዓይነት ሶኬት ይገጥምና የታችኛውን አንዱን ነጥብ ያለ ሽቦ ይተወዋል። እንዲህ ከሆነ ዕድለኛ ነዎት፤ ባዶው ነጥብ ላይ ሽቦ ማምጣት ብቻ ይቀራል። ባለ አንድ ነጥብ ሶኬት ከሆነ ግን ከመለዋወጫ ሱቅ ባለ ሦስት ሽቦ ሶኬት ይግዙ፤ አንዱ ለማሳ (ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር ለተገናኘው የመኪናው ብረት)፣ አንዱ ለፓርኪንግ፣ አንዱ ለፍሬን። ሲገዙ አምፖሉን ይዘው ይሂዱ። የባለ ሁለት ክር አምፖል ሁለቱ ጆሮዎች ከፍታቸው እኩል አይደለም፤ አምፖሉ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲገባ ተብሎ ነው። የባለ አንድ ክሩ እኩል ናቸው። በላላ ወይም በዛገ ሶኬት ውስጥ አምፖሉ በግድ ተገልብጦ ከገባ ትልቁ ክር በፓርኪንግ፣ ትንሹ በፍሬን ይበራል። ባለ አንድ ነጥቡ በባለ ሁለት ነጥብ ሶኬት ውስጥ በግድ ከገባ ደግሞ ሰፊው እርሳስ ሁለቱንም ነጥብ ስለሚነካ መስመሮቹን ያገናኛቸዋል። ፍሬን ሲረገጥ ዳሽቦርዱ የሚበራበት መኪና ከገጠመዎት መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ነው።

የፍሬኑን ሽቦ በቀለም አይፈልጉ። ቀለሙ ከመኪና መኪና ይለያያል፤ ከዚህ በፊት የተቀጠለ መኪና ላይማ ቀለም ምንም አይነግርዎትም። የመሞከሪያ መብራቱን አንድ ጫፍ ጥሩ ማሳ ላይ ያስሩና በሌላው ጫፍ ከላይኛው አምፖል የሚመጡትን ሽቦዎች አንድ በአንድ ይንኩ። ፓርኪንግ ጠፍቶ፣ ሌላ ሰው ፍሬን ሲረግጥ የሚበራው፣ ሲለቅ የሚጠፋው ያ ነው። ፓርኪንግ አብርተው ይድገሙት፤ ፍሬን ሳይረገጥ የሚበራ ከሆነ የያዙት የፍሬኑን ሽቦ አይደለም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንድ 21 ዋት አምፖል በ12 ቮልት 1.75 አምፔር ይወስዳል። ሁለቱ የፋብሪካው አምፖሎች 3.5 አምፔር ናቸው። ሁለት ሲጨምሩ 7 ይሆናል፤ ከኋላው መስኮት መስተዋት በላይ 21 ዋት ሦስተኛ የፍሬን መብራት ካለ 8.75። ሞተር ሲሠራ ቮልቱ ከ12 በላይ ስለሆነ እውነተኛው ቁጥር ከዚህም ይበልጣል። የፍሬን መብራት ፊውዝዎ 10 አምፔር ከሆነ ጠርዝ ላይ ደርሰዋል። «20 አስገባበት» የሚል ምክር ይመጣል፤ አይስሙት። ፊውዙ የተመረጠው ሽቦውን እንዲጠብቅ ነው። ፊውዙን ካሳደጉ ቀድሞ የሚቃጠለው ሽቦው ይሆናል፣ ካልሆነም ፔዳሉ ላይ ያለችው የፍሬን ስዊች።

ሽቦው ባይቃጠልም ብርሃኑ ይቀንሳል። ከፊት እስከ ኋላ 6 ሜትር የሚሄደው ሽቦ 0.5 ካሬ ሚሊሜትር ነው እንበል። 3.5 አምፔር ሲያልፍበት 0.7 ቮልት ገደማ፣ 7 አምፔር ሲያልፍበት 1.5 ቮልት ገደማ በመንገድ ይቀራል። የክር አምፖል ደግሞ ቮልት ትንሽ ሲቀንስበት ብርሃኑ በብዙ ይወርዳል፤ 1.5 ቮልት ሲጎድልበት ሲሶውን ያህል ያጣል። ስለዚህ በቀጭኑ ሽቦ ላይ አራት አምፖል ማንጠልጠል ብርሃኑን እጥፍ አያደርገውም፤ 1.6 እጥፍ ገደማ ላይ ይቆማል፣ የድሮዎቹ ሁለቱም ከበፊቱ ይደበዝዛሉ።

መፍትሔው ሪሌ ነው፤ በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዞ ትልቁን የሚያበራና የሚያጠፋ ስዊች ማለት ነው። ተራ ባለ አራት እግር የ12 ቮልት ሪሌ ይበቃል። እግር 30 ከባትሪ ይምጣ፤ በ1.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ፣ ከባትሪው ፖዘቲቭ 20 ሳንቲሜትር ሳይርቅ በተገጠመ 10 አምፔር ፊውዝ በኩል። ፊውዙ ከባትሪው ከራቀ በመሐል ያለው ሽቦ ጠባቂ የለውም። እግር 87 ወደ ሁለቱ አዲስ አምፖሎች ይሂድ፤ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ በኋላ መስቀለኛው ብረት ላይ ተሻግሮ ወደ ቀኝ። እግር 86 ቀደም ብለው ካገኙት የፍሬን ሽቦ፣ እግር 85 ማሳ። ሪሌው ውስጡ ዳዮድ ያለበት ከሆነ 86ን እና 85ን ማገላበጥ አይቻልም። የሪሌው ጥቅል የሚወስደው ከ0.2 አምፔር ያነሰ ስለሆነ ፔዳሉ ላይ ያለችው ስዊች የጨመሩትን አምፖል ጭነት አትሸከምም።

አንድ ነገር ላይ ጠንከር እንላለን፦ የፋብሪካውን ሁለት አምፖሎች ወደ ሪሌው አያዛውሩ። ባሉበት ይቅሩ። ሪሌ ይሞታል፣ ፊውዝ ይቃጠላል፤ ያን ቀን የሚያጡት የጨመሩትን ብቻ ይሁን። አራቱንም በአንድ ሪሌ ያሠሩ ሰው ሪሌው የተበላሸ ዕለት ምንም የፍሬን መብራት ሳይኖራቸው ይነዳሉ፤ ከጋቢና ሆነው ደግሞ አያውቁትም።

ሽቦውን የፋብሪካው ሽቦ በሄደበት በሻንሲው ላይ አብረው ያሳልፉት። ማርሚታ አጠገብ አያድርሱት፤ ባሌስትራ ጭነት ሲይዝ በሚነካበት ቦታም አያሳልፉት። ባዶ መኪና ላይ ሰፊ የሚመስል ክፍተት ሰሊጥ ሲጫን ይዘጋል። ሽቦው ቆርቆሮ የሚበሳበት ቦታ ላይ ጎማ ይግባ። ሪሌውን ከመብራቱ ጀርባ፣ የካሶኒው ማዕዘን ውስጥ፣ እግሮቹን ወደ ታች አድርገው ይሰሩት፤ ወደ ላይ ከሆኑ የክረምት ውሃ ውስጡ ይጠራቀማል።

ስለ ቅጥል፦ ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል በዚያ መንገድ ላይ አንድ ክረምት አይሻገርም። በቆላው ሙቀት የናስትሮው ሙጫ ይቀልጣል፣ አቧራው ይገባል፣ ሐምሌ ላይ እርጥበት ይደርሳል፣ መዳቡ አረንጓዴ ይሆናል። በሊድ በይደው፣ በሙቀት የሚሸበሸብ ላስቲክ አልብሰው፣ ቅጥሉን እንዳይንቀጠቀጥ ከጎኑ ከብረት ጋር ይሰሩት። በሊድ የተበየደ ሽቦ ከብየዳው ጫፍ ላይ ይደርቃል፤ ከተንቀጠቀጠ የሚሰበረው እዚያ ነው።

ለአዲሶቹ አምፖሎች ማሳ ከአሮጌው ጋር አይደርቡ። ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት እስከ ንጹሕ ብረት ፍቀው፣ በብሎንና በሮንዴላ አስረው፣ ከላይ ግራሶ ይቀቡት። የካሶኒውን ቆርቆሮ አይመኑት፤ ከሻንሲው የሚለየው በጎማና በዛገ ብሎን ነው። ማሳው ሻንሲው ላይ ይሁን።

የመጨረሻው ፈተና ሙቀት ነው። ለ5 ዋት የተሠራ ክፍል ውስጥ 21 ዋት ሲነድ ፕላስቲኩ ሊቀልጥ ይችላል፤ በተለይ አምፖሉ ከመብራቱ መስተዋት (ከቀዩ ሽፋን) ከ2 ወይም ከ3 ሳንቲሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ከሆነ። ሞተሩን አስነስተው ፍሬኑን በእንጨት ደግፈው 10 ደቂቃ ያቆዩትና የላይኛውንም የታችኛውንም መስተዋት በእጅ ይንኩ። የላይኛው ለዚህ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ መለኪያዎ እሱ ነው። የታችኛው ከእሱ በግልጽ የሚሞቅ ከሆነ፣ ወይም የፕላስቲክ ሽታ ካለ፣ 21 ዋቱን ያውጡ። እዚያ የሚሆነው ቀይ ኤልኢዲ ነው፤ ስለ እሱ ከታች ይመልከቱ።

ይህን ሁሉ ከመጀመርዎ በፊት ግን የላይኛውን ክፍል ይክፈቱ። ውስጡ አቧራ ከሞላ፣ አንጸባራቂው ከደበዘዘ፣ አምፖሉ ውስጡ ከጠቆረ፣ በለስላሳ ጨርቅና በሳሙና ውሃ አጥበው፣ በአዲስ ጥንድ አምፖል ቀይረው፣ የላስቲክ ማኅተሙን ለውጠው ማታ ከ50 ሜትር ይዩት። ከሸዲ የሚመለስ መኪና ላይ ይህ ብቻ የሚበቃበት ጊዜ ትንሽ አይደለም።

ጥያቄ፦ የእኔ ፒክአፕ ሁለተኛ ቀይ ክፍል የለውም። በዳዮድ አድርጌ ፍሬን ስይዝ ፍሬቻዎቹም አብረው እንዲበሩ ባደርግስ? (አዘዞ)

መልስ፦ አያድርጉት። ዳዮዱ (ኤሌክትሪክን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ዕቃ) አንዱን ችግር ብቻ ይፈታል። ያለ ዳዮድ የግራና የቀኝ ፍሬቻ ሽቦዎች በፍሬኑ ሽቦ በኩል ስለሚገናኙ ወደ ግራ ሲያሳዩ ቀኙም ይመታል። ዳዮድ ይህን ያስቀራል። የማይፈታው ሌላው ነው፦ ፍሬን ይዘው ሲታጠፉ ፍሬቻው በፍሬኑ ምክንያት ሳያቋርጥ በርቶ ስለሚቆይ መምታቱ አይታይም። ሰው የሚታጠፈው ደግሞ ፍሬን ይዞ ነው። ፒያሳ ላይ በጎንዎ ሊያልፍ የተዘጋጀው ባጃጅ የሚያየው ቆሞ የሚበራ ብርቱካናማ መብራት ብቻ ይሆናል።

በአሜሪካ ለሚሸጡ አንዳንድ ፒክአፖች አንድ ቀይ አምፖል ለፍሬንም ለፍሬቻም ይሠራል፤ ምናልባት ሐሳቡ ከዚያ መጥቶ ይሆናል። እዚያ ግን የፍሬኑ ኤሌክትሪክ በፍሬቻው ስዊች ውስጥ ያልፋል፤ ወደ ግራ ሲያሳዩ ስዊቹ የግራውን ከፍሬን ነጥሎ እንዲመታ ያደርገዋል። በሁለት ዳዮድ የሚገኝ አይደለም።

ለሌላ ሥራ ዳዮድ የሚገዛ አንባቢ ካለ፦ በሱቅ «4007» ተብሎ የሚሰጠው ትንሹ ዳዮድ 1 አምፔር ብቻ ነው፤ ለ21 ዋት አምፖል አይሆንም። ቀዝቃዛ ክር በሚበራበት ቅጽበት ከመደበኛው አሥር እጥፍ ያህል ስለሚስብ ቢያንስ ባለ 6 አምፔር ይያዙ። ተራ ዳዮድ ከ0.7 ቮልት በላይ እንደሚበላም አይርሱ።

ለእርስዎ መኪና የሚሻለው ከመስተዋቱ በላይ ወይም ካሶኒው በር አናት ላይ የሚገጠም ቀይ ሦስተኛ የፍሬን መብራት ነው። ከባጃጅም ከኋላ ከሚቆም አይሱዙም ዓይን የሚገባው ከፍ ያለው ነው።

ጥያቄ፦ የፍሬን አምፖሎቼን በኤልኢዲ ቀየርኩ። ቀን ደብዛዛ ናቸው፣ ማታ ፍሬን መያዜ አይለይም ይሉኛል፤ በወሩ ደግሞ ግማሹ ጠፋ። (ዳባት)

መልስ፦ ሦስቱም የተለያየ ምክንያት አላቸው። ነጭ ኤልኢዲ ገዝተው ከሆነ ቀዩ መስተዋት አብዛኛውን ብርሃን ያስቀርበታል፤ ከነጭ ኤልኢዲ ብርሃን ውስጥ ቀዩ ትንሽ ነው። ለቀይ መስተዋት ቀይ ኤልኢዲ ይግዙ። ማታ አለመለየቱ ርካሾቹ በፓርኪንግም በፍሬንም ተቀራራቢ ብርሃን ስለሚሰጡ ነው። ሱቅ ውስጥ በባትሪ አስበርተው ሁለቱንም ሳያዩ አይግዙ፤ ዓይንዎ ወዲያው ካልለየው ከኋላ ያለውም አይለየውም። በቶሎ መሞቱ ከሙቀት ወይም ከቮልት ነው። ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ ይለኩ፤ ከ13.8 እስከ 14.4 ጤነኛ ነው። 15ን ካለፈ ጥፋቱ የዲናሞው ሬጉሌተር (ቮልቱን የሚቆጣጠረው) ላይ ነው፤ እሱ ሳይሠራ የሚገዙት ሁሉ ይቃጠላል።

ጥሩ ኤልኢዲ አንድ እውነተኛ ብልጫ አለው። የክር አምፖል ሙሉ ለመብራት 0.2 ሰከንድ ያህል ይወስድበታል፤ ኤልኢዲ ወዲያው ይበራል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ለሚከተልዎ መኪና ይህ 4 ሜትር ተኩል ያህል ቀድሞ ማየት ነው።

ጥያቄ፦ ፍሬን ስረግጥ ፍሬቻውም ፓርኪንጉም ፈዘዝ ብለው ይበራሉ። ሦስት ጊዜ አምፖል ቀየርኩ። (ቀበሌ 18)

መልስ፦ አምፖሉን ይተዉት፤ ማሳው ነው። የፍሬኑ ኤሌክትሪክ በተቆረጠው ማሳ መመለስ ሲያቅተው በሌሎቹ አምፖሎች ክር ዞሮ ይወጣል፤ የሚያዩት ፍዘት እሱ ነው። ቴስተሩን በቮልት አድርገው አንዱን ጫፍ የሶኬቱ ብረት ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ ይያዙና ፍሬን ያስረግጡ። 0.2 ቮልትና ከዚያ በታች ጥሩ ነው፤ ግማሽ ቮልትና ከዚያ በላይ ከሆነ ማሳውን ፈትተው ይፈቁት።

ጥያቄ፦ የፍሬን መብራቱ አልጠፋ ብሎ ባትሪዬ አልቆ አደረ። ፔዳሉን በእግሬ ወደ ላይ ስስበውም አይጠፋም። (አራዳ፣ ጎንደር)

መልስ፦ ፔዳሉ አናት ላይ፣ የስዊቿ ዘንግ የሚያርፍበት ቦታ ላይ አንዲት የላስቲክ ቁልፍ አለች። ስታረጅ ትፈረካከሳለች፤ ዘንጉ በቀዳዳው አልፎ ይሄዳል፣ ስዊቿም ፔዳሉ የተረገጠ ይመስላታል። ወለሉ ምንጣፍ ላይ የላስቲክ ፍርፋሪ ይፈልጉ፤ ካገኙ ምርመራው አልቋል። አዲስ እስኪያገኙ ድረስ ቀዳዳው ላይ ትንሽ ብሎን በዳዶ ማሰር ይቻላል። ላስቲኳ ደህና ከሆነች የስዊቿን ዳዶ አላልተው፣ ፔዳሉ ሲለቀቅ ዘንጉ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ብቻ እንዲታይ አስተካክለው መልሰው ያጥብቁ።

ባትሪው አልቆ ማደሩ አይግረምዎት። ሁለት አምፖል 3.5 አምፔር ይወስዳሉ፤ በ12 ሰዓት 42 አምፔር ሰዓት ነው። ባለ 70 አምፔር ሰዓት ባትሪ ከግማሽ በላይ ባዶ ሆኗል። ተጨማሪ ሁለት የፍሬን አምፖል የገጠመ ሰው ላይማ በግማሹ ጊዜ እዚህ ይደርሳል፤ ስለዚህ አምፖል ከመጨመርዎ በፊት ይህችን ላስቲክ ይዩ።

ጥያቄ፦ ክረምት ላይ ከአምባ ጊዮርጊስ እስከ ደባርቅ ጭጋጉ ከባድ ነው። መኪናዬ የኋላ የጭጋግ መብራት አለው፤ እሱን ከፍሬኑ ጋር ባገናኘውስ? (ደባርቅ)

መልስ፦ አይሆንም፤ ለየብቻ ይቆዩ። የኋላ ጭጋግ መብራት እንደ ፍሬን መብራት ቀይና 21 ዋት ነው፤ ሁለቱ በዓይን የሚለዩት በቦታቸው ብቻ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የመኪና መብራት ደንብ በመካከላቸው ከ100 ሚሊሜትር በላይ ርቀት የሚጠይቀውም እንዳይምታቱ ነው። ከፍሬኑ ጋር ካገናኙት ጭጋግ ውስጥ አስቀድመው ባበሩት ጊዜ ፍሬን ሲይዙ ከኋላ የሚታየው ለውጥ ያንሳል፤ የተገላቢጦሽ ነው። ጭጋግ ሲመጣ በስዊቹ ያብሩት፣ ዳባት ላይ ሲገለጥ ያጥፉት።